ቢጫዋ ፍሬና የሯጩ ደም

ታናሽ ወንድሜ ሯጭ ነው። ሯጭ ስላችሁ እንደ እኔ በዓመት አንዴ ቲሸርት ለብሶ፣ ታላቁ ሩጫ ላይ እየዘፈነ የሚራመደው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ተነስቶ፣ ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ ሳይመለስ እንጦጦን የሚወጣ፣ ክለብ ይይዘኛል ብሎ ተስፋ ያደረገ የምር ሯጭ ነው።

ባለፈው ሰሞን ክፍሉ ጎራ ስል ጠረጴዛው ላይ አንዲት ብልቃጥ አየሁ። ውስጧ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ዘይት የቋጠሩ ፍሬዎች አሉ። እህቶቻችን በመርፌ እየበሱ ፀጉራቸውንና ፊታቸውን የሚቀቧት ያቺው ቫይታሚን ኢ ናት።

«ምነው፣ ፀጉር ልታሳድግ ነው?» አልኩት።

አልሳቀም። «ረጅም ስትሮጥ ደምህ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኢ ያልቃል። ካልተካኸው ጡንቻህን ይበላዋል» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ልጆቹ።»

ዋጋዋን ስጠይቀው ዓይኑን ሰበረ። የአንድ ሳምንት ምሳው ናት። አንድ ሯጭ የሳምንት ምሳውን ለቢጫ ፍሬ ሰጥቷል ማለት ነው።

እናላችሁ፣ ነገሩን ልፈትሸው ብዬ ገባሁበት። ስገባበት የወንድሜ ጥያቄ የወንድሜ ብቻ አልሆነም። ሩጫ በደም ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኢ ምን ያደርገዋል የሚለው ጥያቄ መቶ ዓመት ከሞላው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ታሪኩም ውስጥ አይጦች፣ የአእምሮ ሕሙማን፣ ዘይት በማንኪያ የሚጠጡ ስፖርተኞችና ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚሮጡ አሜሪካውያን አሉ። በቅደም ተከተል ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መካኖቹ አይጦች

ጊዜው 1922 ነው፤ ቦታው በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ። ኸርበርት ኢቫንስ የሚባል የአናቶሚ ሊቅና ካትሪን ስኮት ቢሾፕ የምትባል ሐኪም አይጦችን የተጣራ ምግብ ብቻ ይመግባሉ። ፕሮቲኑ አለ፣ ስታርቹ አለ፣ የአሳማ ስቡ አለ፣ እስከዚያ ዘመን የታወቁት ቫይታሚኖችም አሉ። አይጦቹ ያድጋሉ፣ ይፋፋሉ፣ ይፀንሳሉም። መውለድ ግን የለም። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ይሞትና ተመልሶ ይመጠጣል።

ተመራማሪዎቹ ሰላጣ ጨመሩላቸው፤ አይጦቹ ወለዱ። ስንዴም ሞከሩ፤ ያውም ይበልጥ ጥሩ ሆኖ ተገኘ፤ በተለይ የስንዴው ፍሬ ውስጥ ያለችው፣ ቡቃያ የምትሆነው የፅንሷ ክፍል። ያልታወቀውን ነገር ለጊዜው «ኤክስ» አሉት። በ1924 ባርኔት ሹር የተባለ ኬሚስት፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ተይዘዋልና ተራው የኢ ነው ብሎ የዛሬ ስሙን ሰጠው።

ንጥረ ነገሩ ንጹሕ ሆኖ የተለየው በ1936 ነው፤ እዚያው በርክሌይ፣ በኢቫንስና በኤመርሰን ባልና ሚስት እጅ፣ ከስንዴ ፅንስ ዘይት ውስጥ። ስም ሲጠፋላቸው የግሪክኛ ፕሮፌሰር ዘንድ ሄዱ። ፕሮፌሰሩም «ቶኮስ» ማለት ልጅ መውለድ፣ «ፌሬን» ማለት መሸከም ነው ብሎ «ቶኮፌሮል» አለላቸው። በእኛ አፍ «ልጅ አሸካሚ» እንደማለት። ወንድሜ በማለዳ የሚውጠው ነገር ስሙ የማህፀን መድኃኒት መሆኑን ብነግረው ምን እንደሚል እንጃ።

ከማህፀን ወደ ጡንቻ

ታዲያ ከአይጥ ማህፀን ተነስተን ሯጭ እግር ላይ እንዴት ደረስን? መንገዱ ይህን ይመስላል።

በ1928 እነ ኢቫንስ ቫይታሚን ኢ ከጎደላቸው እናቶች የተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ሽባ ሲሆኑ አዩ። በ1931 ደግሞ ጎችና ፓፐንሃይመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጊኒ ፒጎችና ጥንቸሎች ተመሳሳይ ጉድለት ሲገጥማቸው ጡንቻቸው እየሟሸሸ እንደሚሄድ አሳዩ። ቫይታሚኑ ከሌለ ጡንቻ ይበላሻል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፣ ዛሬም አልተለወጠም።

ስህተቱ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «ሲጎድል ጡንቻ ከበላ፣ ሲበዛ ጡንቻ ይገነባል» ተባለ። እስቲ አንድ መካኒክ ጠይቁ። ሞተር ዘይት ካለቀበት ይነክሳል። ይህን ሰምቶ የዘይቱን መጠን እጥፍ ያደረገ ሰው መኪናው እጥፍ አይፈጥንለትም። የስፖርት ቫይታሚን ታሪክ ግማሹ ይህችን ቀላል ነገር የመርሳት ታሪክ ነው።

የኤልጂን ሰዎች

ወደ ሯጮቹ ከመሄዳችን በፊት አንድ ቦታ መቆም አለብን። እኔን ከሁሉም በላይ ያቆመኝ ይህ ነው።

አንድ ሰው ደሙ ውስጥ ስንት ቫይታሚን ኢ ሲኖረው «በቂ» ይባላል? ይህን ለማወቅ ሰውን ማስራብ ያስፈልጋል። ማክስ ሆርዊት የተባለ ተመራማሪ ከ1953 ጀምሮ ይህንኑ አደረገ። ቦታው በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው የኤልጂን ሆስፒታል፣ ሰዎቹም የአእምሮ ሕሙማን ወንዶች ነበሩ። ቫይታሚን ኢው የተመናመነ ምግብ ለዓመታት ተመገቡ። ደማቸው እየተቀዳ ተለካ። ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲነካቸው ምን ያህሉ እንደሚፈነዱ ተቆጠረ።

ውጤቱ ሁለት ነገር አስተማረ። አንደኛው፣ የአዋቂ ሰው ደም በቀላሉ ባዶ አይሆንም። ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ አብዛኛው የሰውነታችን ስብ ውስጥ ተከማችቷል፤ ደም ሲጎድል ከዚያ ይመጣል። የኤልጂን ሰዎች ደም የወረደው በሳምንት ሳይሆን በብዙ ወራት ነው። ሁለተኛው፣ መጠኑ ሲወርድ ሴሎቹ በእርግጥ ይሳሳሉ።

የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2000 ለአዋቂ ሰው በቀን 15 ሚሊግራም ይበቃል ብሎ ሲወስን የተደገፈው በዋናነት በእነዚህ ሰዎች ደም ላይ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ብልቃጦች ጀርባ የሚነበበው መቶኛ መነሻው እዚያ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት ይዞ የሚመጣ ተመራማሪ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በር ላይ ይቀራል። ስማቸውን የማናውቃቸው ሕሙማን ያለ ሽልማትና ያለ ሜዳሊያ ለእኛ የሮጡት ረጅም ሩጫ ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

ዘይት ጠጪዎቹ

እዚያው ኢሊኖይ፣ በዩኒቨርሲቲው ደግሞ ቶማስ ኩሬተን የሚባል የአካል ብቃት ሊቅ ነበር። ሰውን በማስሮጥ፣ በማስዋኘትና በመለካት ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኩሬተን የስንዴ ፅንስ ዘይት ጽናት ይጨምራል የሚል እምነት ያዘ። ለስፖርተኞች አጠጣ፣ ለካ፣ ጻፈ፤ በ1972ም ሥራውን በመጽሐፍ ሰበሰበው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ሹት የተባሉ ወንድማማች ሐኪሞች ቫይታሚን ኢ የልብ በሽታን ይፈውሳል እያሉ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይሰብኩ ነበር። በልብ በኩል ፈዋሽ ከሆነ ለሯጭ የማይሆንበት ምን ምክንያት አለ? እንዲህ እንዲህ እያለ ዝናው ገነነ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ዓለምን ባስደነቀበት ዘመን፣ አሜሪካ ውስጥ ስፖርተኞች ዘይት እየጠጡ ይፈተኑ ነበር።

ከዚያ ማስመሰያ ክኒን ይዘው የሚመጡ ጠርጣሮች ተነሱ። በ1971 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ወጣት ዋናተኞችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ለስድስት ሳምንት በየቀኑ 400 ሚሊግራም ቫይታሚን ኢ ወሰዱ፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ክኒን። ልጆቹ ሁሉ በልምምዱ በረቱ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ግን ልዩነት አልተገኘም። የበረቱት ስለሠሩ ነው፤ ስለዋጡ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶችም አብዛኞቹ ይህንኑ ደገሙት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም፤ ምክንያቱም ቫይታሚን ኢ አዲስ ሥራ አገኘ።

ትንፋሽ ውስጥ የተገኘው

በ1956 ዴንሃም ሃርማን የሚባል አሜሪካዊ፣ የሰው ልጅ የሚያረጀው ሰውነቱ ውስጥ በሚፈጠሩ «ፍሪ ራዲካል» የተባሉ ሞለኪዩሎች ነው የሚል ሐሳብ አመጣ። ፍሪ ራዲካል ማለት ጥንድ የጎደለው ኤሌክትሮን የያዘ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነጥቅ ሞለኪዩል ነው። የሴሎቻችን ሽፋን ደግሞ ስብ ነው፤ አንዱ የስብ ሞለኪዩል ሲነጠቅ ጎረቤቱን ይነጥቃል፣ ጎረቤቱም ሌላውን። ሳር ላይ እንደተለቀቀ እሳት ነው።

ቫይታሚን ኢ ሽፋኑ ውስጥ ተቀምጦ ይህን እሳት ያቆማል። ለነጣቂው የራሱን ሃይድሮጅን ሰጥቶ ያበርደዋል። ራሱ ሲጎዳ ደግሞ ቫይታሚን ሲ መጥቶ ያድሰዋል። ሯጮች ሲሰሙት ይገባቸዋል፤ ዱላ ቅብብል ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሯጭ ሲሮጥ የሚጠቀመው ኦክስጅን ተቀምጦ ከሚጠቀመው አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ብዙ ኦክስጅን ካለ ብዙ እሳት አለ ማለት ነው? በ1978 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በዴቪስ፣ ብስክሌት የሚገፉ ሰዎችን ትንፋሽ ለኩ። ስብ ሲቃጠል የሚወጣ ፔንቴን የተባለ ጋዝ በልምምድ ወቅት ጨመረ። ቫይታሚን ኢ ለወሰዱት ቀነሰ። በ1982 ደግሞ በርክሌይ፣ ማለትም ቫይታሚኑ በተወለደበት ሰፈር፣ አይጦችን እስኪደክሙ አስሩጠው ጡንቻና ጉበታቸው ውስጥ ያለው የፍሪ ራዲካል ምልክት ሁለትና ሦስት እጥፍ መድረሱን አሳዩ። ቫይታሚን ኢ የጎደላቸው አይጦች ጽናታቸው በ40 በመቶ ወርዶ ነበር።

ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ግን አስተውሉልኝ፤ አሁንም የተፈተነው ጉድለት ነው፣ ትርፍ አይደለም። የመካኒኩን ነገር እንዳትረሱት።

ደምም ይዋሻል

አሁን ወደ ወንድሜ ጥያቄ ደረስን። ሰው ረጅም ሲሮጥ ደሙ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኢ ያልቃል ወይ?

ቀላል ይመስላል። ከሩጫ በፊት ደም ቅዳ፣ ከሩጫ በኋላ ደም ቅዳ፣ አወዳድር። ይህን ያደረጉ ብዙ ናቸው፤ ያገኙት መልስ ግን አልገጠመም። በ1988 የታተመ የቤልጂየም ጥናት በከባድ ልምምድ ወቅት መጠኑ ከፍ ሲል አየ። ሌሎች ለውጥ አላዩም። ሌሎች ደግሞ ሲወርድ አዩ። ማንን እንመን?

ችግሩ ያለው መለኪያው ላይ ነው። እናታችሁ ጓዳ ግቡ። ድስት ላይ የቆየ ወጥ ውሃው ሲመጠጥ ጨው ጨው ይላል። ጨው የጨመረበት ሰው ግን የለም። ሯጭም እንደዚሁ ነው። ሲያልበው የደሙ ውሃ ይቀንሳል፣ ያለው ቫይታሚን ደግሞ የበዛ ይመስላል። በማግስቱ ሰውነቱ ውሃ ይዞ ደሙን ያቀጥነዋል፤ ያኔ ደግሞ የቀነሰ ይመስላል። ዲልና ኮስቲል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 የደምን ውሃ መጥበብና መስፋት የሚያስተካክል ስሌት ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ ነገር አለ። ቫይታሚን ኢ ደም ውስጥ በእግሩ አይሄድም። ኮሌስትሮልና ሌላ ስብ በሚያመላልሱት ሊፖፕሮቲኖች ላይ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው። ሚኒባሶቹ ከበዙ ተሳፋሪውም ይበዛል። ስለዚህ ተሳፋሪ ብቻ ቆጥሮ «ሰው በዛ፣ ሰው ቀነሰ» ማለት አይቻልም፤ ሚኒባሶቹም መቆጠር አለባቸው። የኤልጂኑ ሆርዊት በ1972 ቫይታሚኑ ከደም ስብ ጋር ተነጻጽሮ ይለካ ያለው ይህን ስላየ ነው።

ሦስተኛው፣ ደም መንገድ ነው፤ ጎተራው ሌላ ቦታ ነው። መንገድ ላይ ብዙ ጆንያ ማየት ጎተራው ሞላ ማለት አይደለም። መንገዱ ጭር ሲልም ጎተራው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም።

ሃምሳ ኪሎ ሜትር በኦሪገን

ነገሩን የፈታው ብልሃት ከኦሪገን መጣ። በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የላይነስ ፖሊንግ ኢንስቲትዩት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት አንጄላ ማስታሉዲስ፣ ማሬት ትሬበርና ባልደረቦቻቸው በ2001 ያሳተሙት ሥራ ነው።

ብልሃቱ ቫይታሚኑን ምልክት ማድረግ ነበር። ከተራው ሃይድሮጅን ይልቅ ዲዩቴሪየም የተባለ ከባድ ሃይድሮጅን የተሠራበት ቫይታሚን ኢ ለአሥራ አንድ ሯጮች ሰጡ። ቀለም እንደተቀባ ብር ኖት ነው፤ የትም ቢሄድ ይታወቃል። ከዚያ ሯጮቹ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሮጡ። በሌላ ጊዜ ደግሞ እነዚያው ሰዎች ያንኑ ቫይታሚን ወስደው ሳይሮጡ ዋሉ። አንድ ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ተወዳደረ ማለት ነው።

ውጤቱ እነሆ። በሩጫው ቀን ምልክት ያለበት ቫይታሚን ኢ ከደም የጠፋበት ፍጥነት ካልሮጡበት ቀን ይበልጥ ነበር። የስብ መቃጠል ምልክት የሆነው «ኤፍ2-አይሶፕሮስቴን» የተባለው ነገርም በአማካይ ከ75 ወደ 131 ፒኮግራም በሚሊሊትር ወጣ። በማግስቱ ግን ተመልሶ ወደ ቦታው ገባ።

ስለዚህ «ልጆቹ» ሙሉ በሙሉ አልዋሹም። ረጅም ሩጫ ቫይታሚን ኢን በእርግጥ ይጠቀማል። ፍጆታው ይፈጥናል። «ያልቃል» የሚለው ነው ውሸቱ። ፈጥኖ መሥራትና ማለቅ ይለያያሉ።

ደግ መስሎ

ይጠቀማል ከተባለ እንተካው ታዲያ? ይህንንም ያው ቡድን ፈተነው። ሯጮች ከሃምሳ ኪሎ ሜትሩ በፊት ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ 300 ሚሊግራም ቫይታሚን ኢና 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ወሰዱ። በ2004 የወጣው ውጤት፣ የስቡ መቃጠል ቆመ የሚል ነበር። ደስ ይላል። በ2006 ቀጣዩ ክፍል ወጣ፤ ጡንቻቸው ግን ክኒን ካልወሰዱት እኩል ተጎድቷል፣ እኩል ደክሟል። ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር አማረ፤ እግሩ አላወቀም።

የባሰም አለ። በ2004 ዴቪድ ኒማንና ባልደረቦቹ በሃዋይ ኮና የሚካሄደውን የትራያትሎን ሻምፒዮና ተወዳዳሪዎች አጠኑ። ዋና፣ ብስክሌት፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን ነው። ለሁለት ወር በየቀኑ 800 ኢንተርናሽናል ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት፣ ያው የስብ መቃጠል ምልክት በ181 በመቶ ጨመረባቸው። ማስመሰያ ክኒን በወሰዱት ላይ የጨመረው 97 በመቶ ነው። እሳት አጥፊው ሲበዛ እሳት አቀጣጣይ ሆነ። ዱላ ተቀባዩ ሳይደርስ ብዙ ዱላ አቀባይ መደርደር ነው።

ከዚያ ደግሞ ነገሩን ሁሉ የገለበጠ ሐሳብ መጣ። በ2009 የጀርመን ተመራማሪዎች፣ ቫይታሚን ሲና ኢ እየወሰዱ የሠሩ ወጣቶች ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ የሚያደርገውን የስፖርት ጥቅም ሳያገኙ እንደቀሩ አሳዩ። በ2014 ኖርዌይ ውስጥ 54 ሰዎች ለ11 ሳምንት ተፈተኑ፤ ቫይታሚኖቹን የወሰዱት አቅማቸው ከሌሎቹ ባያንስም፣ ጡንቻቸው ውስጥ የኃይል ማመንጫ የሆኑት ማይቶኮንድሪያዎች ምልክት የሚጠበቀውን ያህል አልጨመረም። ለምን ቢባል፣ በሩጫ የሚፈጠሩት ፍሪ ራዲካሎች ጠላት ብቻ ሳይሆኑ ደወልም ናቸው። «ሥራ በዝቷል፣ ጠንክር» ብለው ለጡንቻው ይደውላሉ። ደወሉን ዝም ያሰኘ ሯጭ ልምምዱን በከንቱ አደረገ ባይባልም ጆሮውን ደፍኗል።

ለወንዶች አንድ ነገር ልጨምር። ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ይወስዱ በነበሩት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ መጨመሩ በ2011 ተገልጿል። «ቫይታሚን ነው፣ ምን ይጎዳል» የምንለው ነገር እንግዲህ እንዲህ ነው።

የሳምንቱ ምሳ

ይህን ሁሉ ይዤ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ፔንቴኑን፣ አይጡን፣ ኦሪገንን ነገርኩት። ኤልጂን ላይ ስደርስ ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

«ታዲያ የሚጠፋውን ከየት ነው የምተካው?» አለኝ በመጨረሻ።

ጥያቄው ትክክል ነው። ቫይታሚን ኢ በተፈጥሮ የሚኖረው የቅባት እህል ውስጥ ነው። ሱፍ ውስጥ አለ፤ ኑግ ውስጥ አለ፤ ለውዝ ውስጥ አለ፤ ጎመን ውስጥም አለ። ብዙ የሚሮጥ ሰው ብዙ ይበላል፤ ብዙ ሲበላ ያለ ብልቃጥ ብዙ ቫይታሚን ኢ ያገኛል። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የታወቁ የኢትዮጵያ ረጅም ርቀት ሯጮችን ማዕድ መዝኖ ነበር። ከኃይላቸው 64 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከካርቦሃይድሬት፣ ሩብ የማይሞላው ከቅባት ነው። የሯጭ ዋናው መድኃኒት ሰሃኑ ነው።

ብልቃጧን የገዛበት ብር ደግሞ የሰሃኑ ብር ነበር። ደሙ ውስጥ ያለው ቫይታሚን እንዳያልቅ ብሎ፣ ቫይታሚኑን የሚያመጣለትን ምሳ ሰጠ። ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ከላብራቶሪዎቹ ሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

በማግስቱ ማለዳ እንጦጦ ወጣ፤ እኔ ተኝቼ። ሲመለስ ሱፍ ፍትፍት አብረን በላን። ብልቃጧን ታናሽ እህታችን ወሰደቻት፤ ፀጉሯን ትቀባባታለች። ያ ደግሞ ይሠራ እንደሆነ ገና አላነበብኩም።